«በቃ» የምትል ሞለኪውል፦ ፔፕታይድ ሆርሞኖች የተክልን እድገት እንዴት ይመራሉ?

እስቲ አንድ ቲማቲም ወስዳችሁ ወገቡ ላይ አግድም ቁረጡት። ውስጡ በግድግዳ የተከፋፈለ ነው። ዘሩና ዝልግልጉ ፈሳሽ የተቀመጠባቸውን ክፍሎች ቁጠሩ። ትንሽዬ ድቡልቡል ቲማቲም ከሆነ ብዙ ጊዜ 2 ወይም 3 ታገኛላችሁ። ትልቁ፣ ጠፍጠፍ ያለው፣ ጎኑ እጥፋት የበዛበት ዓይነት ከሆነ ግን ክፍሎቹ ከ8 ሊያልፉ ይችላሉ።

የዱሩ ቲማቲም ፍሬው በጣም ትንሽ ነው፤ ክፍሎቹም በአብዛኛው 2 ናቸው። ታዲያ የዛሬው ትልቅ ቲማቲም ተጨማሪዎቹን ክፍሎች ከየት አመጣቸው? ከምክንያቶቹ አንዱ ይገርማል። ተክሉ አዲስ ጉልበት አላገኘም። «በቃ፣ ይህን ያህል ይበቃል» የምትለው አንዲት ደቃቅ ሞለኪውል ድምጿ ስለቀነሰ ነው። ይህች ሞለኪውል ፔፕታይድ ሆርሞን ናት።

ስለ ተክል እድገት ስናስብ ቶሎ የሚመጣልን የሚገፋው ነገር ነው፤ ውሃ፣ ፀሐይ፣ ማዳበሪያ። እኔን ግን ስለነዚህ ሆርሞኖች ባነበብኩ ቁጥር የሚይዘኝ ሌላው ወገን ነው። ተክል ቅጠሉን ቅጠል፣ ፍሬውን ፍሬ የሚያደርገው መቼ ማቆም እንዳለበት ስለሚያውቅ ነው። አንጎል የለውም፣ ነርቭ የለውም። ታዲያ ማን ይነግረዋል?

ፔፕታይድ ስንል

ፕሮቲን ማለት አሚኖ አሲዶች እየተያያዙ የሚሠሩት ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ አጭር ሲሆን ፔፕታይድ ይባላል። ሆርሞን ደግሞ መልእክት ነው። አንዱ ሴል ሠርቶ ወደ ውጭ ይልከዋል፤ ሌላው ሴል ተቀብሎ ሥራውን ይቀይራል። ሁላችንም የምናውቀው ፔፕታይድ ሆርሞን ኢንሱሊን ነው። በሰው ላይ 51 አሚኖ አሲዶች አሉት።

እንስሳት በፔፕታይድ እንደሚነጋገሩ ከታወቀ ቆየ። ሴክሬቲን የሚባለው የአንጀት ሆርሞን የተገኘው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው።) በተክል በኩል ግን የመማሪያ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ የሚዘረዝሩት 5 ሆርሞኖችን ነበር፦ ኦክሲን፣ ጂበሬሊን፣ ሳይቶካይኒን፣ ኢቲሊንና አብሲሲክ አሲድ። አምስቱም ፕሮቲን አይደሉም፤ ትንንሽ ኬሚካሎች ናቸው። ተክል ፔፕታይድ ሆርሞን ይኖረዋል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ነበር።

27 ኪሎ ቅጠል

ታሪኩን የቀየረው ደግሞ ቲማቲም ነው። በአሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ክላረንስ ራያን የሚባል ባዮኬሚስት ነበር። በ1972 እሱና ባልደረባው አንድ ነገር አሳዩ። ነፍሳት አንዱን ቅጠል ሲበሉት፣ ያልተነካው ቅጠልም ጭምር መከላከያ ፕሮቲን መሥራት ይጀምራል። ፕሮቲኑ የነፍሳቱን ሆድ የሚያስቸግር ነው፤ የበሉትን ፕሮቲን እንዳይፈጩ ያደርጋቸዋል።

ልብ በሉ፤ የተበላው አንዱ ቅጠል ነው፣ የሚዘጋጀው ሌላው። በመካከል መልእክት አልፏል ማለት ነው። ምንድን ነው መልእክቱ?

ይህን ለመመለስ ወደ 20 ዓመት ገደማ ፈጀ። በ1991 የራያን ቡድን መልሱን አገኘ፦ 18 አሚኖ አሲድ ያለው ፔፕታይድ። ስሙን ሲስተሚን አሉት። ፍለጋው እንዴት ያለ እንደነበር ለማሰብ አንድ ቁጥር ይበቃል። ወደ 27 ኪሎ ግራም የቲማቲም ቅጠል ፈጭተው፣ አጣርተው፣ ደጋግመው ለይተው ያገኙት 1 ማይክሮ ግራም ገደማ ነው። ማይክሮ ግራም ማለት የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ነው። በዓይን አይታይም። ግን ተክሉ ይሰማዋል።

እዚህ ላይ አንድ እርማት መጨመር አለብኝ፤ ምክንያቱም አሁንም ድረስ ብዙ ቦታ በስህተት ይነገራል። መጀመሪያ ሲስተሚን ራሱ ከቅጠል ወደ ቅጠል እየተጓዘ መልእክቱን የሚያደርስ ይመስል ነበር። በኋላ ግን ተመራማሪዎች የተለያዩ ቲማቲሞችን እርስ በርስ አዳቅለው ሳይሆን አንዱን በአንዱ ላይ በመቀጠል ፈተኑት። የላይኛው ግንድ ከአንዱ፣ ሥሩ ከሌላው ማለት ነው። ሩቅ ድረስ የሚሄደው ጃስሞኒክ አሲድ ወይም የእሱ ቤተሰብ የሆነ ኬሚካል እንደሆነ ታየ። ሲስተሚን ቁስሉ አካባቢ ሆኖ ጩኸቱን የሚያጎላ ነው። ግኝቱ በዚህ አላነሰም። ተክል በፔፕታይድ እንደሚነጋገር ከዚያ ወዲያ የሚጠራጠር የለም።

ተቆርጦ፣ ተሸልሞ፣ ይላካል

ሴሉ እነዚህን መልእክቶች ከመጀመሪያው አጭር አድርጎ አይሠራቸውም። መጀመሪያ ረጅም ፕሮቲን ይሠራል፤ ከዚያ ይቆርጠዋል። ሲስተሚን ከ200 አሚኖ አሲድ ውስጥ ተቆርጦ የሚወጣ 18 ነው። የቀረው ይጣላል። ብክነት ይመስላል፤ ግን ጥቅም አለው። ያልተቆረጠ መልእክት ዝም ያለ መልእክት ነው። ሴሉ መቼ እንደሚናገር በመቀሱ ይወስናል።

ብዙዎቹ ሲቆረጡ ብቻ አይበቃቸውም፤ ማስዋቢያም ይፈልጋሉ። አንዳንዱ ላይ ሰልፌት ይጨመርበታል፤ አንዳንዱ ላይ አንድ ኦክስጅን፤ አንዳንዱ ላይ የስኳር ሰንሰለት። ጌጥ ለማለት አይደለም። ያለ እነዚህ ጭማሪዎች መልእክቱ ወይ ጭራሽ አይሰማም ወይ በጣም ይደክማል።

ከዚያ ከሴሉ ወጥቶ በሴሎች ግድግዳ መካከል ባለው ቦታ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ጉዞው አጭር ነው፤ ከጎረቤት አያልፍም። መድረሻው በሌላ ሴል ቆዳ ላይ የተተከለ ተቀባይ ፕሮቲን ነው። የተቀባዩ አንድ ጫፍ ወደ ውጭ ወጥቶ መልእክቱን ይይዛል፤ ሌላው ጫፍ ሴሉ ውስጥ ነው። ፔፕታይዱ ሲቀመጥበት አጋር ፕሮቲን መጥቶ ይጣመራል፤ ውስጥ ያለው ጫፍ ይቀሰቀሳል። በመጨረሻም አንዳንድ ጂኖች ይበራሉ፣ አንዳንዶቹ ይጠፋሉ።

አራቢዶፕሲስ የምትባለው፣ የጎመን ዘመድ የሆነችውና ተመራማሪዎች በጣም የሚወዷት ትንሽ አረም፣ ከ600 በላይ የዚህ ዓይነት ተቀባይ ፕሮቲኖች ጂን አላት። ቦታዋን መልቀቅ የማትችል ተክል ስንት ነገር እንደምታዳምጥ አስቡት።

የጫፉ ጉልላት

አሁን ወደ ቲማቲሙ እንመለስ። በእኔ እይታ ከሁሉም የሚያምረው ታሪክ ይሄኛው ነው።

በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ፣ በትንንሽ ቅጠሎች ተሸፍና፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር በእጅጉ ያነሰች ጉልላት አለች። ከአፈር በላይ የምናየው አብዛኛው ነገር፣ ግንዱም ቅጠሉም አበባውም፣ የሚመነጨው ከእሷ ነው። በጉልላቷ አናት ላይ ጥቂት ስቴም ሴሎች ተቀምጠዋል። እነዚህ ገና ምን እንደሚሆኑ ያልተወሰነላቸው ሴሎች ናቸው። ይባዛሉ። አንዳንዶቹ እዚያው ይቀራሉ፤ ወደ ጎን የተገፉት ቅጠል ወይም አበባ ለመሆን ይሄዳሉ።

ችግሩ ቁጥራቸውን መጠበቅ ነው። ስቴም ሴሎቹ ካነሱ ጉልላቷ ታልቅና እድገት ይቆማል። ከበዙ ደግሞ ጫፉ ያብጣል፤ ግንዱ ይደፈጠጣል፤ አበባው ቅጥ ያጣል። ይህን ሚዛን የሚጠብቁት ሁለት ናቸው።

አንደኛው ቩሸል የሚባል ፕሮቲን ነው። ከስቴም ሴሎቹ ዝቅ ብሎ ካለው ቦታ ይሠራና ወደ ላይ ይወጣል። «ስቴም ሴል ሆናችሁ ቆዩ» ይላቸዋል። በዚያው «ክላቫታ 3ን ሥሩ» ብሎ ያዛቸዋል። ሁለተኛዋ ይህችው ክላቫታ 3 ናት። ከ96 አሚኖ አሲድ ተቆርጣ 13 ብቻ ሆና የምትቀር ፔፕታይድ ናት። ከስቴም ሴሎቹ ወጥታ ወደ ታች ትወርዳለች፤ እዚያ ተቀባዮቿን ታገኝና ቩሸልን ዝም ታሰኛለች።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ውሃ ታንከር ውስጥ ያለውን ተንሳፋፊ ኳስ አስቡ። ውሃው ከፍ ሲል ኳሱ አብሮ ይነሳና ቧንቧውን ይዘጋዋል። ውሃው ሲጎድል ኳሱ ይወርዳል፤ ቧንቧው ይከፈታል። እዚህም እንደዚያው ነው። ስቴም ሴል ሲበዛ ክላቫታ ይበዛል፤ ክላቫታ ሲበዛ ቩሸል ይቀንሳል፤ ቩሸል ሲቀንስ ስቴም ሴል ይቀንሳል። ሲቀንስ ደግሞ ክላቫታም ስለሚያንስ ቩሸል ተመልሶ ይነሳል። ቆጣሪ የለም፣ አዛዥ የለም። ግን ቁጥሩ ይጠበቃል።

ስሟን ራሱ ያገኘችው ይህ ኳስ ከተሰበረባቸው፣ ማለትም ጂኗ ከተበላሸባቸው ተክሎች ነው። ክላቫታ ከላቲን ቃል የመጣ ሲሆን «እንደ ዱላ ጫፉ ያበጠ» እንደማለት ነው። ጂኑ የተበላሸባት አራቢዶፕሲስ የዘር ቋቷ ጫፉ ያብጣል። ክላቫታ 3 የምትሠራበት ጂን ማንነቱ የታወቀው በ1999 ነው።

ቲማቲሙስ? በአንዳንድ ትልልቅ የቲማቲም ዘሮች ውስጥ የክላቫታ 3ን ጂን የሚያበራው የዲኤንኤ ክፍል ተገልብጦ ተበላሽቷል። ጂኑ ራሱ አለ፤ የሚሠራው ግን ቀንሶ ነው። «በቃ» የሚለው ድምፅ ስለደከመ ጉልላቷ ሰፋ ትላለች። የሰፋ ጉልላት የሰፋ አበባ ይሠራል። የሰፋ አበባ ደግሞ ብዙ ክፍል ያለው ፍሬ። በቢላ ቆርጣችሁ የቆጠራችሁት እሱን ነው። ገበሬዎች ከብዙ ትውልድ በፊት ትልልቁን ፍሬ እየመረጡ ሲዘሩ፣ ሳያውቁት የመረጡት በከፊል ይህን ነበር።

የማስዋቢያውን ነገር ያነሳሁት ለዚህም ነው። በ2015 የወጣ ጥናት ክላቫታ 3 ላይ ስኳር የሚሰኩት ኢንዛይሞች የተበላሹባቸውን ቲማቲሞች አሳይቷል። ፔፕታይዱ አለ፣ ስኳሩ ጎድሏል። ተክሉ መልእክቱን በደንብ አልሰማም፤ ጉልላቱ አብጦ አበባውም ፍሬውም በክፍል በዛ።

ብቻውን የማይከፈል ሴል

ሁሉም ግን ከልካይ አይደለም። ተመራማሪዎች የተክል ሴሎችን ነጣጥለው በፈሳሽ ውስጥ ሲያሳድጉ አንድ ነገር ያስቸግራቸው ነበር። ሴሎቹ ተጠጋግተው ብዙ ሆነው ሲቀመጡ ይከፈላሉ፣ ይባዛሉ። ተራርቀው ጥቂት ሲሆኑ ግን ምግቡም ሆርሞኑም እያለ ዝም ይላሉ። የብዙዎቹን ፈሳሽ ወስደው ጥቂቶቹ ላይ ሲጨምሩት ግን መከፈል ይጀምራሉ። ፈሳሹ ውስጥ ምን አለ?

በ1996 ጃፓናውያኑ ማትሱባያሺና ሳካጋሚ ከአስፓራገስ ሴሎች ፈሳሽ አወጡት። 5 አሚኖ አሲድ ብቻ ናት፤ ከነዚህ ሁለቱ ላይ ሰልፌት አለ። ፋይቶሰልፎካይን ተባለች። በአንድ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ የግራም ሚሊዮንኛ ያህሉ ሥራ ይሠራል። አንዱ ሴል ለሌላው «አለሁ» የሚለው በእሷ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ሥር ሲራብ

እስካሁን ያየናቸው የጎረቤት ወሬዎች ናቸው። ረጅም መንገድ የሚሄዱም አሉ።

አንድ ተክል ሥሩ በሁለት ወገን ተዘርግቷል እንበል። በግራ በኩል ያለው አፈር ናይትሮጅን የለውም፤ የቀኙ አለው። የግራው ሥር ተርቧል። ምን ቢያደርግ ይሻለዋል? እዚያው ቢታገል ከሌለበት አያገኝም። የተሻለው የቀኙ ሥር የሁለቱንም ድርሻ እንዲስብ ማድረግ ነው። ግን የቀኙ ሥር የግራውን ረሃብ በምን ያውቃል?

በጃፓን ናጎያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ቡድን በ2014 ይህንን ፈታው። የማትሱባያሺ ቡድን ነው፤ ያው የአስፓራገሱ ሰው። የተራበው ሥር ሴፕ የሚባሉ 15 አሚኖ አሲድ ያላቸው ፔፕታይዶችን ይሠራል። ውሃ ወደ ላይ በሚወጣበት ቧንቧ ተሳፍረው ቅጠል ይደርሳሉ። ቅጠሉ ተቀባይ አለው፤ መልእክቱን ይሰማና ሌላ መልእክት ወደ ታች ይልካል፤ ይሄኛው የሚወርደው ስኳር በሚወርድበት ቧንቧ ነው። ወደ ሥሮቹ ሁሉ ይደርሳል። ሥራ የሚሠራው ግን ናይትሬት (ሥር የሚስበው የናይትሮጅን ዓይነት) ያለበት ሥር ላይ ነው፤ ናይትሬት የሚያስገቡት በሮች እንዲበዙ ያደርጋል። የተራበው ግራ ሥር ጮኸ፣ ቅጠል ሰማ፣ ቀኝ ሥር ሠራ።

አኩሪ አተርና ዘመዶቹ ተመሳሳይ መንገድ ለተቃራኒ ጉዳይ ይጠቀሙበታል። በሥራቸው ላይ ባክቴሪያ የሚያድርባቸው ትንንሽ እባጮች ያበቅላሉ፤ ባክቴሪያዎቹ ከአየር ናይትሮጅን ያዘጋጁላቸዋል። ባክቴሪያዎቹ ግን ስኳር ይበላሉ። ስለዚህ እባጮች መብዛት ሲጀምሩ ከሥር የክላቫታ ዘመድ የሆኑ ፔፕታይዶች ወደ ቅጠል ይወጣሉ፤ ከቅጠል «ሌላ አትጨምሩ» የሚል መልስ ይወርዳል። ይህን የሚሰማው ተቀባይ የተበላሸበት ተክል ሥሩ በእባጭ ይወረራል፤ እድገቱም ብዙ ጊዜ ይቀጭጫል። እንደገና «በቃ» ነው ነገሩ።

ቀዳዳና ድርቅ

ቅጠል ላይ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ፤ ስቶማታ ይባላሉ። አየር የሚገባው በእነሱ ነው፤ ውሃም የሚያመልጠው በእነሱ ነው። ብዛታቸውን የሚወስኑት ተቃራኒ የሚናገሩ ፔፕታይዶች ናቸው። ስቶማጀን «አብዙ» ይላል፤ ኢፒኤፍ 2 «አትሥሩ» ይላል። ሁለቱም የሚሻሙት አንድ ተቀባይ ላይ ነው። ቦታውን የያዘው ያሸንፋል።

ይህ ለድርቅ ምን ሊሆን እንደሚችል ገብቷችኋል። በ2017 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ገብስ ውስጥ የዚሁ ቤተሰብ የሆነ ከልካይ ፔፕታይድ አበዙ። ቀዳዳዎቹ በጣም ቀነሱ፤ ተክሉ ውሃ ቆጠበ፣ ድርቅን የበለጠ ቻለ። በሙከራው ላይ ምርቱ አልቀነሰም። በ2018 ደግሞ ሥር ውሃ ሲጎድለው የሚልከው ሌላ ፔፕታይድ ተገኘ። ሲኤልኢ 25 ይባላል። ከሥር ወደ ቅጠል ይወጣና አብሲሲክ አሲድ እንዲመረት ያደርጋል፤ ያሉት ቀዳዳዎች ይዘጋሉ። አፈሩ መድረቁን ቅጠል የሚሰማበት አንዱ መንገድ ይሄ ነው።

አበባ ሥራውን ሲጨርስ ቅጠሎቹ እንዲረግፉ የሚያደርግ፣ የአበባ ብናኝ ወደ እንቁላሉ የሚያደርሰውን መንገድ የሚያሳይም ፔፕታይድ አለ። እነሱ ለራሳቸው ሌላ ጽሑፍ ይበቃሉ።

ቋንቋውን የሰረቀች ትል

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። የአኩሪ አተርን ሥር የምታጠቃ ደቃቅ ትል አለች። ሥሩን ወግታ ከአፏ የምትለቀው ምራቅ ውስጥ የተክሉን የክላቫታ ቤተሰብ የሚመስል ፔፕታይድ አለ። ተክሉ የራሱ መልእክት መስሎት ይታዘዛል፤ ሴሎቹን ለትሏ መመገቢያ አድርጎ ይሠራላታል። ተመሳሳይነቱ የወሬ አይደለም። ተመራማሪዎች የትሏን ጂን ክላቫታ 3 በጎደላት አራቢዶፕሲስ ውስጥ ሲያስገቡት ጉድለቷን በከፊል ሸፈነላት።

ታዲያ ለምን አንረጨውም?

ይህ ጥያቄ ይነሳል፣ ተገቢም ነው። ፔፕታይድ ሠርቶ እርሻ ላይ መርጨት ቀላል አይደለም። ማምረቱ ውድ ነው። አፈርና ቅጠል ላይ ያሉ ኢንዛይሞች ቶሎ ይፈጩታል። ከቅጠሉ ሰም አልፎ ትክክለኛው ሴል ጋ መድረሱም ሌላ ጣጣ ነው። ደግሞም መልእክቱ በትክክለኛው ቦታ ካልተነገረ ትርጉሙ ይለወጣል። ክላቫታ 3 ከልክ በላይ በሁሉም ቦታ ሲሠራ የጫፉ ጉልላት ያልቅና ተክሉ ማደግ ያቆማል።

ስለዚህ አሁን ተስፋ የተጣለበት ሌላ መንገድ ነው፤ መልእክቱን ሳያጠፉ ድምፁን መመጠን። በ2017 የወጣ ሥራ ላይ ተመራማሪዎች በክሪስፐር መቀስ (ዲኤንኤን በተመረጠ ቦታ በሚቆርጥ መሣሪያ) የቲማቲሙን የክላቫታ 3 ማብሪያ ክፍል በተለያየ ቦታ ቆራረጡት። ጂኑን ራሱን አልነኩትም። ከዚያ ያገኟቸውን ተክሎች አንድ ባንድ አዩ። በአንዳንዱ ድምፁ ጨርሶ ጠፍቶ አበባው ቅጥ አጥቷል። በአንዳንዱ ምንም አልተለወጠም። በመካከል ያሉት ግን ክፍላቸው በልክ የጨመረ፣ ፍሬያቸው ሰፋ ያለ ነበሩ። በ2021 በቆሎ ላይም በተመሳሳይ መንገድ የዚሁ ቤተሰብ ጂኖችን ማብሪያ በጥቂቱ ሲያዳክሙ፣ የአንዳንዶቹ በቆሎዎች ዛላ ተጨማሪ የፍሬ ረድፍ ይዞ መጣ።